ለተማሪ ስፖርተኞች የሥነ ልቦና ድጋፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የስፖርት መምህር ሆኜ ስሠራ ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከባልደረቦቼ ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

የስፖርት ሥነ ልቦና ድጋፍ ሲባል ምን ማለት ነው?

እግር እንደሚሠለጥን ሁሉ ሐሳብም ይሠለጥናል። ተማሪው ፍርሃቱን እንዴት እንደሚይዝ፣ ሲሳሳት እንዴት ቶሎ ወደ ጨዋታው እንደሚመለስ፣ ልምምድ ሲሰለቸው ምን እንደሚያደርግ ማስተማር ነው። በዚያ ላይ ሲከፋው የሚሰማው ሰው እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ትምህርቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ፣ ብስክሌተኞች ብቻቸውን ከሚነዱ ይልቅ ከሌላ ጋር ሲፎካከሩ እንደሚፈጥኑ ጽፎ ነበር። በ1925 ደግሞ ኮልማን ግሪፊዝ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የስፖርተኞችን አእምሮ የሚያጠና ቤተ ሙከራ ከፈተ። እኛ ዘንድ ስሙ አዲስ ሆኖ ይሰማል እንጂ ነገሩ አለ። "ልበ ሙሉ ነው"፣ "ወኔ አጣ"፣ "ሞራሉ ወደቀ" ስንል የምናወራው ስለዚሁ ነው።

ልጄ ጤነኛ ነው። ይህ ለምን ያስፈልገዋል?

ይህን ጥያቄ ወላጆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ። "ሳይኮሎጂ" የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ስለዚህ "ልጄ ምን ሆነብኝ?" ብለው ይደነግጣሉ።

ምንም አልሆነም። ከሩጫ በፊት ማሟሟቂያ የሚሠራው ጉዳት ያለበት ብቻ አይደለም፤ ጤነኛውም ይሠራል። ይህም እንደዚያው ነው። የ14 ዓመት ልጅ ሙሉ ትምህርት ቤት እያየው ፍፁም ቅጣት ምት እንዲመታ እናቆመዋለን። እንዴት እንደሚመታ አስተምረነዋል። እንዴት እንደሚቆም ግን አላስተማርነውም።

ትምህርት ቤታችን ሳይኮሎጂስት የለውም። ማን ይሥራው?

አብዛኞቻችን የለንም። የሞጃና ወደራ፣ የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ትምህርት ቤት የስፖርት ሳይኮሎጂስት እስኪመደብለት ይጠብቅ ማለት ልጆቹ እስኪያልፋቸው ይጠብቁ ማለት ነው። ብዙውን ሥራ የስፖርት መምህሩ ይችለዋል። የምክር አገልግሎት መምህር ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ሁለቱ በሳምንት አንዴ ሻይ እየጠጡ ስለ ልጆቹ ቢያወሩ ብዙ ነገር ይያዛል። ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ስለሆነ፣ ከሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሉ ሰው ጋብዞ መምህራንን ለግማሽ ቀን ማሠልጠን የሚቻል ነገር ነው። ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ ብቻ ነው።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ሰኞ ከልምምድ በፊት አሥር ደቂቃ ሜዳው ዳር ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። እያንዳንዱ ልጅ ያለፈው ሳምንት ጥሩ የሠራውን አንድ ነገር፣ የከበደውን አንድ ነገር ይናገራል። መጀመሪያ ላይ ዝም ይላሉ፤ መሬቱን በእንጨት እየጫሩ ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ማቆሙ ነው የሚቸግረው።

ከውድድር በፊት ሆዴ ይገለባበጣል፣ እግሬም ይሳሰራል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ይህን እወቂ፤ ሰውነትሽ እየተበላሸ አይደለም፣ እየተዘጋጀ ነው። ልብ የሚመታው ደም ወደ ጡንቻ ለመግፋት ነው። ሆድ የሚገለባበጠው ደሙ ከጨጓራ ወደ እግር ስለሚሄድ ነው። እጅ ላብ በላብ ይሆናል፣ አፍ ይደርቃል። ይህ ሁሉ በትልልቆቹ አትሌቶችም ላይ አለ። ልዩነቱ እነሱ "መጣ፣ ዝግጁ ነኝ" ይሉታል፤ አንቺ "አለቀልኝ" ትይዋለሽ። ያው ስሜት ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያያል። ስሙን መቀየር ደግሞ ትችያለሽ።

የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረችኝ፣ 800 ሜትር የምትሮጥ። የታኅሣሥ ጠዋት ነው፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። የጫማዋን ክር ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች፣ ደግሞ ትፈታለች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ብርዱ ነው እንዳልል ሌሎቹ እየሳቁ ይዘላሉ። አጠገቧ በርከክ አልኩና "እስኪ አብረን እንቁጠር" አልኳት። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠርን ሳብን፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠርን ለቀቅን። ትንፋሿ በብርዱ እንደ ጭስ ሲወጣ ይታያል። "ጭሱን ረጅም አድርጊው" አልኳት። ስድስት ጊዜ። ከዚያ ክሩን አንዴ አስራ ተነሳች።

ምስጢሩ የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው መርዘሙ ነው። ያን ጊዜ የልብ ምት ቀስ ይላል። ግን በውድድሩ ቀን የሚጀመር ነገር አይደለም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት፣ ፈተና ከመግባትሽ በፊት፣ ከልምምድ በፊት አድርጊው። ሰውነት የሚያውቀውን ነገር ነው በጭንቅ ሰዓት የሚሰማ። ሌላው፣ የራስሽ ሥርዓት ይኑርሽ፤ መቼ እንደምታሟሙቂ፣ መቼ ውኃ እንደምትጎነጪ፣ መቼ ጫማ እንደምታስሪ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል። ሥርዓት ሲኖር ሐሳብ የሚባዝንበት ክፍተት ይጠባል።

ልምምድ ላይ አንበሳ ነው፣ ውድድር ላይ ግን ይጠፋል። ለምን?

ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ውድድር ላይ ሲገባ ራሱን መመልከት ይጀምራል። "እግሬን እንዴት ነው የማነሳው? ክንዴስ?" እያለ ለዓመታት ሳያስበው የሚያደርገውን ነገር በሐሳብ ልቆጣጠር ይላል። ደረጃ ስትወርድ እያንዳንዱን እርምጃ እያሰብክ ውረድ ብትባል ትደናቀፋለህ። እንደዚያ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ልምምዱን ውድድር ማስመሰል ነው። ፍፁም ቅጣት ምት በባዶ ሜዳ ሃያ ጊዜ ከመምታት፣ ደክሟቸው ሳለ፣ ሌላው ክፍል ከቦ እየጮኸ፣ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ቢመታ ይሻላል። ሁለተኛው ሐሳቡን የሚያሳርፍበት አንድ አጭር ቃል መስጠት ነው። ለሯጭ "ላላ"፣ ለበረኛ "ኳሷ"፣ ለመረብ ኳስ ተጫዋች "ከፍ"። ቃሉን ልጁ ራሱ ይምረጠው። እኔ የመረጥኩለት ቃል ሠርቶ አያውቅም።

ከሸዋ ሮቢት መጥቼ ደብረ ብርሃን ስሮጥ ትንፋሼ ይቆረጣል። ፍርሃት ነው?

በአብዛኛው አየሩ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ጣርማበርን ወጥተህ በማግሥቱ ስትሮጥ ልብህ ቢዘል፣ ደረትህ ቢጨነቅ ተፈጥሮ ነው።

ይህን ጥያቄ እዚህ ያስገባሁት በምክንያት ነው። ልጆች ይህን የሰውነት ስሜት ከፍርሃት ጋር ያምታቱታል። ትንፋሽ ያጥራል፣ "ፈራሁ ማለት ነው" ይላሉ፣ ከዚያ እውነትም ይፈራሉ። አሰልጣኙ አስቀድሞ "የመጀመሪያው ዙር ይከብዳችኋል፣ አየሩ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ" ቢላቸው ግማሹ ጭንቀት እዚያው ይቀራል። የኛም ልጆች ወደ ሮቢት ሲወርዱ ሙቀቱ እንደዚያው ያደርጋቸዋል። ያኔ ደግሞ ውኃና ጥላ ነው ወሳኙ። ደጋም ቆላም ሆኖ የደረት ሕመም ወይም ራስ መሳት ካለ ግን ሩጫው ይቁም፣ ሐኪም ይየው።

ልጄ ተሸንፎ ሲመጣ ምን ልበለው?

መጀመሪያ ምንም አይበሉት። ውኃ ይስጡት፣ ምሳውን ያቅርቡለት፣ አጠገቡ ይቀመጡ። "ለምን እንዲህ አላደረግህም?" የሚለው ጥያቄ ለነገ ይደር። "ምንም አይደል" ማለትም ብዙ አይረዳም። ለእሱ ምንም ነው እንዴ? ከወር በላይ የለፋበት ነገር ነው። "ከባድ ነው፤ ለፍተህበት ነበር" ቢሉት እንደተረዱት ያውቃል።

አንድ ልጅ የክፍል ውድድር ፍጻሜ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ስቶ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ። በአራተኛው ቀን ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ፤ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ነው። እናቱ ቡና አፍልተው ነበር። ልጁ ጥግ ላይ ባና ተከናንቦ ተቀምጧል፣ ቀና ብሎ አያየኝም። ስለ ኳስ አንድ ቃል አላነሳሁም። ስለ አዲሱ ጥጃቸው ጠየቅሁት። መልስ ሰጠኝ። ስለ ጥጃው ብዙ አወራን። ሁለተኛውን ቡና ስጠጣ ራሱ "ቲቸር፣ ልጆቹ ምን አሉ?" አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። የጎዳው ኳሷ መሳቷ አልነበረም። ልጆቹ እንደ ድሮው አይቀበሉኝም ብሎ ነው የፈራው። በማግሥቱ ሁለት የቡድን ጓደኞቹን ቤቱ ድረስ ልኬ አብረው ይዘውት መጡ።

በነጋታው ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለ ጨዋታው ማውራት ይቻላል። ያን ጊዜም ጥያቄው "ምን ጥሩ ሠራህ? ምን ትቀይራለህ?" ይሁን። ለተሰንበት ግደይን አስታውሱለት። በየካቲት 2015 ዓ.ም. አውስትራሊያ ባተርስት ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ስትመራ ቆይታ፣ መጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ወደቀች። ሰው ደግፎ ስላነሳት ውጤቷም ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቡዳፔስት ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ አገኘች። በመካከል ስድስት ወር አለ። ልጅዎም ጊዜ ይፈልጋል።

ጮኾ መቆጣት ወኔ አይቀሰቅስም ወይ? እኛ በዚያ ነው ያደግነው።

እኔም በዚያ ነው ያደግኩት። አንድ አሰልጣኝ በሰው ፊት "አንተ ከብት" ብሎኝ ያውቃል። ያን ቀን ፈጥኜ ሮጫለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ልምምድ አልሄድኩም፤ ከዚያም በሚቀጥለው። ስድብ ለአንድ ዙር ሊያስሮጥ ይችላል። የተሰደበ ልጅ ግን ስሕተትን ይፈራል፣ ስሕተት የሚፈራ ልጅ ደግሞ ኳስ አልፈልግም ብሎ ይደበቃል። አስተውላችሁ ከሆነ ሜዳ ላይ ከተከላካይ ጀርባ የሚቆሙት ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰደቡት ናቸው።

ወኔ መቀስቀስ ካስፈለገ የራሳችን መንገድ አለን። ፉከራ ስድብ አይደለም። ፎካሪ "ዘራፍ!" ብሎ የሚዘረዝረው ራሱ የሠራውን ነው። የስፖርት ሥነ ልቦና ሰዎች "ራስን ማነጋገር" የሚሉት ነገር ከዚህ ሩቅ አይደለም። ልጆቼን ሦስት መስመር የራሳቸውን ፉከራ አጽፋቸዋለሁ፤ ውሸት አይፈቀድም፣ የሠሩት ነገር ብቻ ነው የሚገባው። "አምስት ወር ያለማቋረጥ የመጣሁ፣ ዳገቱን ሳልቆም የጨረስኩ" ብላ የጻፈች ልጅ አለች። ከውድድር በፊት በልቧ ትለዋለች።

ስሕተትን መናገር ግን ያስፈልጋል። ለብቻው ጠርቶ፣ በአጭሩ፣ ስለ ድርጊቱ ብቻ። "ቶሎ ወጣህ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ጠብቅ" ማለት ይበቃል።

የስምንተኛ ክፍል ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለበት። ስፖርቱን ያቁም?

ይቀንስ እንጂ አያቁም። እንቅስቃሴ ጭንቀትን ያቀላል፣ እንቅልፍንም ያመጣል። በሳምንት አምስት ቀን ይሠራ የነበረ ልጅ ፈተና ሲቃረብ ሁለት ሦስት ቀን ቀለል አድርጎ ቢሠራ ይጠቅመዋል። በድንገት ሲቆም ግን ጓደኞቹንም፣ መተንፈሻውንም አንድ ላይ ያጣል።

የማይቀነሰው እንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። የገጠር ልጆቻችን ቀን እንዴት እንደሚያልፍ እናውቃለን፤ ጠዋት ረጅም መንገድ በእግር፣ ማታ ከብት ማስገባት፣ ውኃ መቅዳት፣ ከዚያ ጥናት። በዚያ ላይ ልምምድ ስንጨምር ድካሙን መቁጠር አለብን። የሚወደውን ስፖርት የሚሸሽ፣ በትንሽ ነገር የሚቆጣ፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ካያችሁ ከመቆጣት በፊት ስንት ሰዓት እንደተኛ ጠይቁት።

ጉዳት ደርሶበት ከሜዳ ርቋል። ዝም ብሎ ቤት ይቀመጣል።

የተጎዳ ስፖርተኛ የሚያመው ጉልበቱ ብቻ አይደለም። ቡድኑን ያጣል። "ሯጩ" እየተባለ የሚጠራ ልጅ መሮጥ ሲያቆም ማን ነው? እሱም አያውቀውም። ስለዚህ ቡድኑ ውስጥ ሥራ ስጡት። ሰዓት ይያዝ፣ ውጤት ይመዝግብ፣ ታናናሾቹን ያሟሙቅ። በሜዳው ዳር ይገኝ። ለማገገሙም ትንንሽ ግብ አብራችሁ አውጡ፤ በዚህ ሳምንት ጉልበቱን እስከዚህ ማጠፍ፣ በሚቀጥለው ደረጃ መውጣት። "መቼ ትመለሳለህ?" እያሉ በየቀኑ መጠየቅ ግን ያቻኩለዋል፤ ሳይድን ይመለሳል፣ እንደገና ይጎዳል።

በዚሁ በሰሜን ሸዋ ምድር፣ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ማሸነፉን ሁሉም ልጅ ያውቃል። ቀኑ ጳጉሜን 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ለተጎዱ ልጆች የምነግራቸው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በ1969 በመኪና አደጋ መራመድ ካቃተው በኋላ በዓመቱ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሄዶ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ እግሩ በጄሶ ታስሮ፣ ይህን ሰምቶ "በተቀመጠበት?" ብሎ ጠየቀኝ። "አዎ፣ በተቀመጠበት" አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቼዝ ለመማር መጣ።

ለሴት ተማሪዎች የተለየ ነገር አለ?

አለ። ብዙዎቹ ልምምድ የሚያቆሙት አቅም አንሷቸው አይደለም። የወር አበባ ሲመጣ መቀየሪያ ቦታ የለም፣ ሞዴስ የለም፣ ቁምጣ ለብሶ መሮጥ ያሳፍራል፣ ሲመሽ መንገዱ ያስፈራል። ይህ ሁሉ ሳይፈታ ስለ ልበ ሙሉነት ማስተማር ከንቱ ነው። ሱሪም ሆነ ቀሚስ ከነቁምጣው የፈለገችውን ለብሳ ትሩጥ። ልምምዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቅ። የምታዋየው ሴት መምህርት ትኑር።

በደንብ ሳትበላ ብዙ የምትሮጥ ልጅ የወር አበባዋ ሊቆም ይችላል። ይህ የጥንካሬ ምልክት አይደለም። ሰውነቷ ጉልበት አጥሮት ነው፤ አጥንቷንም ይጎዳል። ጤና ጣቢያ ትሂድ።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ይሁን። አሰልጣኝ ከተማሪ ጋር ለብቻው በተዘጋ ክፍል አይሆንም፣ ያለ ምክንያት አይነካም፣ ማታ ስልክ እየደወለ አያወራም። ለወንዶችም ያው ነው። ልጅቷ "አልተመቸኝም" ካለች እመኗት፣ ለርዕሰ መምህሩና ለቤተሰቧ ወዲያው ይነገር።

"ዓይን በልቶት ነው" ይላሉ። ጠበል እንውሰደው ወይስ አማካሪ ዘንድ?

ለምን አንዱን ብቻ? ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ ተጽናንቶ የመጣ ልጅ አውቃለሁ። እምነቱ፣ ከቤተሰብ ጋር የሚሄደው መንገድ፣ እረፍቱ፣ ሁሉም ይረዳዋል። የኔ ልመና ሁለት ነው። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካለ አይቋረጥ። ልጁንም ዓይን በላህ፣ ተተበተብክ እያላችሁ አታስፈራሩት። ችግሩ ከእሱ አቅም ውጪ ነው ብሎ ካመነ ልምምዱን ይተወዋል። ጸሎቱም ይቀጥል፣ ከመምህሩ ጋር የሚያደርገው ንግግርም ይቀጥል።

ከጦርነት የተፈናቀለ ወይም ብዙ ያየ ልጅ ቡድኔ ውስጥ አለ። እንዴት ልያዘው?

እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ አሉን። ስላየው ነገር ንገረኝ ብላችሁ አትጎትጉቱት። መናገር ሲፈልግ ይናገራል። እናንተ የምትሰጡት ነገር መደበኛነት ነው፤ ልምምድ በተባለው ሰዓት ይጀመር፣ በተባለው ሰዓት ይለቅ፣ ቦታው ይታወቅ። ሕይወቱ ለተናጋበት ልጅ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ኳስ እንዳለ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ፊሽካውን ከጀርባው ድንገት አትንፉ። በድምፅ የሚደነግጥ ልጅ ካለ መጀመሪያ እጅ አንሡ፣ ከዚያ ንፉ። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ልጅ በፊሽካዬ መሬት ላይ ተኝቶ ራሱን በእጁ ሲሸፍን ካየሁ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቅዠቱ፣ መደንገጡ፣ ሰው መሸሹ ከወር በላይ ከቆየ ወደ ጤና ባለሙያ መላክ አለበት።

ቤተሰቡ ሁሉ ተስፋው በእሱ ላይ ነው። "ሮጠህ ታወጣናለህ" ይሉታል። ይህ አያበረታታውም?

ጥቂቱን ያበረታታል፣ ብዙውን ያጎብጣል። ልጁ ሲሮጥ ጀርባው ላይ የቤት ኪራይ፣ የእህቱ ትምህርት፣ የአባቱ ሕክምና አለ። ሲሸነፍ የተሸነፈው እሱ ብቻ አይሆንም። በዚህ ጫና የተነሳ ዕድሜ እስከ መቀነስ፣ ያልታወቀ መድኃኒት እስከ መውሰድ የሚደርሱ አሉ።

ወላጆችን ሳገኝ በጨዋነት የምለው ይህ ነው፤ "ልጁ ከአገር አቀፍ ደረጃ ባይደርስ ምን ይሆናል? መልስ አዘጋጁለት፣ ንገሩት።" "ባይሳካም ልጃችን ነህ፣ ትምህርትህ አለ" የሚል ቃል ከአባት አፍ ሲሰማ ልጅ ቀለል ብሎት ይሮጣል። ግቡንም እሱ በሚቆጣጠረው ነገር ላይ አድርጉት። አንደኛ መውጣት የሌሎቹም እግር ጉዳይ ነው፤ የመጨረሻውን ዙር ሳይቀንስ መጨረስ ግን የእሱ ነው።

ተማሪው ምስጢር ነገረኝ። ለአሰልጣኙ ወይም ለወላጁ ልንገር?

በመርሕ ደረጃ አይነገርም። አንዴ ከወጣ ያ ልጅ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቡድኑ አፉን ይዘጋል። የኛ ከተሞች ትንንሽ ናቸው፤ ጠባሴ የተወራ ማታ ገበያ ይደርሳል። በተለይ ቡድን ምርጫ ላይ የሰማችሁትን አትጠቀሙበት። "ፈራሁ" ያለን ልጅ ስለፈራ ከቡድን ካስወጣችሁት ሁለተኛ ማንም እውነት አይነግራችሁም።

ሦስት ነገር ሲሆን ግን ዝም አይባልም፤ ራሱን ሊጎዳ ሲያስብ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ሲያስብ፣ እሱን የሚያጠቃው ሰው ሲኖር። ይህን ወሬው ሳይጀመር ነው መንገር ያለባችሁ። "የምትነግረኝ ከኔ ጋር ይቀራል፣ ሕይወትህን የሚነካ ካልሆነ" በሉት። መናገር ግድ ሲሆንም መጀመሪያ ለራሱ ንገሩት፤ ለማን እንደምትናገሩና ለምን። ከተቻለ አብራችሁ ሂዱ።

ከኛ አቅም በላይ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መተው፣ ከጓደኛ መራቅ፣ የትምህርት ውጤት በድንገት መውረድ፣ መጠጥ ወይም ጫት መጀመር፣ "ባልኖር ይሻላል" የሚል ንግግር። የመጨረሻው አንዴም ቢሰማ ይበቃል። "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፤ ሸክሙን ነው የሚያቀልለት። ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ከቤተሰቡ ጋር ሆናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። እዚያ ያሉት ወደሚቀጥለው ይልኩታል።

ከላካችሁት በኋላ እንዳትረሱት። ሕክምና የጀመረ ልጅ ወደ ሜዳ ሲመለስ ማሊያው ቁጥሩን እንደያዘ ይጠብቀው።

ጎበዝ ነው፣ ግን "ስፖርት ማቆም እፈልጋለሁ" አለኝ። ልከልክለው?

ይህ ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ነው። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ሲሄድ ያማል። መጀመሪያ የሚሸሸው ከምን እንደሆነ ለዩ። ከአንድ ሰው ነው? ከድካም ነው? ከጫና ነው? ወይስ ፍላጎቱ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው? ከሰው ከሆነ ሰውየው ይታይ። ከድካም ከሆነ ሁለት ሳምንት ያለ ምንም ጥያቄ ይረፍ። ብዙዎቹ ከእረፍት በኋላ ራሳቸው ይመለሳሉ።

ፍላጎቱ ካለቀ ግን በደህና ይሂድ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የርቀት ሯጭ እንዲህ ብሎኝ ለሳምንት ተኮራርፈን ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስለራሴ ውጤት ነበር ያዘንኩት። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሜዳ ይመጣል። ወንድሙ ይሮጣል፣ እሱ ሰዓት ይይዛል።